ሎጂክ ሞዴል ለጤና ፕሮግራም፦ «የተሠራውን» ከ«ተለወጠው» ለይቶ ማቀድና መገምገም

የሩብ ዓመት ሪፖርት አንሱና «ውጤት» የሚለውን ዓምድ እዩ። ከሥሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «40 ባለሙያዎች ሠለጠኑ፣ 3,000 በራሪ ጽሑፍ ተሰራጨ፣ 12 የድጋፍ ጉብኝት ተካሄደ።» ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ሰዎቹ ለፍተዋል። ግን «ታካሚው ምን ተሻለው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ሪፖርቱ መልስ የለውም።

ችግሩ በከፊል ከቃሉ ይጀምራል። እኛ «ውጤት» የምንለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሟል። ሥልጠናው መሰጠቱም ውጤት ይባላል፣ የታካሚው ደም ግፊት መውረዱም ውጤት ይባላል። በቢሮ አነጋገር አውትፑት እና አውትካም እየተባሉ ይለያሉ፤ ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን ሁለቱም አንድ ዓምድ ውስጥ ይገቡና ይደባለቃሉ። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ አውትፑትን «የተሠራው»፣ አውትካምን ደግሞ «የተለወጠው» እላቸዋለሁ። ይህን ልዩነት ከያዛችሁ የሎጂክ ሞዴል ግማሹ በእጃችሁ ገብቷል።

ሎጂክ ሞዴል ማለት ፕሮግራማችሁ እንዴት ለውጥ ያመጣል ብላችሁ እንደምታምኑ በአንድ ገጽ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ከግራ ጀምሮ ግብዓት፣ ተግባር፣ የተሠራው፣ የተለወጠው ይደረደራሉ። የተለወጠው ራሱ በቅርብ፣ በመካከለኛና በረጅም ጊዜ ይከፈላል። በየመሃላቸው ቀስት አለ። ሣጥኖቹን መሙላት ቀላል ነው፣ ከሰዓት በፊት ይጨረሳል። አብዛኛው ፕሮግራም የሚወድቀው ግን ቀስቱ ላይ ነው፤ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ያሻግራል የተባለው ነገር ሳያሻግር ሲቀር።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የጤና አገልግሎት ጥራት ተመራማሪው ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን ጥራትን መዋቅር፣ ሂደት እና ውጤት ብሎ የከፈለው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። ሎግፍሬም የሚባለው ሠንጠረዥም ከአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ከዩኤስኤይድ የወጣው በዚያው በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሎግፍሬምንና ሎጂክ ሞዴልን አንድ ያደርጋቸዋል። ሎግፍሬም አመላካችን (ለውጡን የምንለካበትን ቁጥር)፣ የመረጃ ምንጭን እና ታሳቢን (እውነት ይሆናል ብለን የያዝነውን) በረድፍና በዓምድ የሚያስቀምጥ ሠንጠረዥ ነው፤ ሎጂክ ሞዴል ግን ፍሰቱን የሚያሳይ ሥዕል ነው። ገንዘብ ሰጪው ሎግፍሬም ከጠየቃችሁ እንኳ መጀመሪያ ሥዕሉን ሳሉ፣ ሠንጠረዡን ከዚያ ሙሉ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ሠንጠረዡ ይሞላል፣ ሐሳቡ ግን ባዶ ይቀራል።

እስከ መጨረሻው የምንጠቀምበት ምሳሌ አንድ የጤና ጣቢያ የደም ግፊት ክትትል ፕሮግራም ይሁን። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ ከየትም የተወሰዱ አይደሉም።

ከመሳላችሁ በፊት፦ ማን ይቀመጥ?

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የጤና ፕሮግራም ግምገማ ማዕቀፍ 6 እርምጃዎች ነበሩት። የመጀመሪያው ባለድርሻዎችን ማሰባሰብ ነው። ፕሮግራሙን መግለጽ፣ ማለትም ሎጂክ ሞዴሉን መሳል፣ 2ኛ ነው የመጣው። ቅደም ተከተሉ በምክንያት ነው።

አንድ አማካሪ ቢሮው ተቀምጦ የሳለው ሞዴል ያምራል፣ ግን የማንም አይደለም። ታካሚውን በየቀኑ የምታይ ነርስ ትኑር። የፋርማሲ ባለሙያ ይኑር። የካርድ ክፍል ሠራተኛን አትርሱ፤ ታካሚ ከቀጠሮ ሲቀር መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ካርዱ ከመደርደሪያው አልወጣማ። መረጃ የሚመዘግበው ሰው ይኑር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሁለት ታካሚዎች፣ በተለይ አቋርጠው የተመለሱ፣ ይጠሩ። ሁሌም የሚመጣ ታካሚ ለምን እንደሚመጣ ይነግራችኋል፤ ለምን ሰው እንደሚቀር የሚነግራችሁ ግን ቀርቶ የሚያውቅ ነው።

ከ6 እስከ 10 ሰው፣ አንድ ግማሽ ቀን፣ ትልቅ ወረቀት፣ ማርከርና ተለጣፊ ወረቀቶች ይበቃሉ። ኮምፒውተሩን ለጊዜው ዝጉት። በስላይድ ላይ የተሠራ ሣጥን ማንም ደፍሮ አያነሳውም፣ ተለጣፊ ወረቀት ግን ይነቀላል፣ ይዛወራል።

1. ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት አንድ ዓይነት ነው። ችግሩን ጻፉ ሲባል ሰው መፍትሔውን ገልብጦ ይጽፋል። «የሥልጠና እጥረት አለ» ማለት ችግር መጻፍ አይደለም፤ ሥልጠና ለመስጠት አስቀድሞ መወሰን ነው። «የግንዛቤ ማነስ»ም እንደዚያው ነው።

ችግሩ የሰው ጤና ላይ ወይም አገልግሎቱ ላይ የሚታይ ነገር መሆን አለበት። በእኛ ምሳሌ እንዲህ እንበል፦ «ጤና ጣቢያው የደም ግፊት አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 200 ታካሚዎች ባለፉት 3 ወራት ለክትትል የመጡት 80 ብቻ ናቸው።» ቁጥር አለው፣ ጊዜ አለው፣ ማንን እንደሚመለከት ይታወቃል። ከመዝገብ የሚወጣ ነው፣ ከስብሰባ ትዝታ አይደለም።

ከዚያ «ለምን?» በሉ። ለምን አልመጡም? ቀጠሮ ረስተው። ለምን ረሱ? ደህና ስለሆኑ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም የደም ግፊት ትልቁ ጠባይ ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ታካሚው አልታመመም፣ ምንም አላመመውም፣ እናንተ ግን ዕድሜ ልክህን መድኃኒት ውሰድ ትሉታላችሁ። ሌላውስ ለምን ቀረ? መጥቶ መድኃኒት አልቋል ተባለ። ሌላዋስ? ተራ ስትጠብቅ ግማሽ ቀን ዋለች። አሁን 3 የተለያዩ ምክንያቶች አገኛችሁ፣ ሦስቱም የተለያየ ሥራ ይፈልጋሉ። «ግንዛቤ ማነስ» ብላችሁ ጽፋችሁ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ባመለጧችሁ ነበር።

2. ከቀኝ ጀምሩ

ወረቀቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፣ የሚሳለው ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ከግራ ከጀመራችሁ ያላችሁን በጀትና የለመዳችሁትን ሥራ ታሰፍሩና መጨረሻ ላይ ለውጥ ትፈልጉለታላችሁ።

በቀኝ ጫፍ የረጅም ጊዜውን ለውጥ አስቀምጡ፦ በደም ግፊት ምክንያት የሚመጣ ስትሮክ፣ የልብ ሕመምና የኩላሊት መድከም መቀነስ። ይህን የእናንተ ፕሮግራም ብቻውን አያመጣውም፣ በ2 ዓመት ውስጥም አይታይም። ግን አቅጣጫ ነው።

አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ መካከለኛው ለውጥ፦ የተመዘገቡት ታካሚዎች ደም ግፊት ከ140 በ90 በታች ይሆናል።

ሌላ እርምጃ ወደ ግራ፣ የቅርቡ ለውጥ። እዚህ ጊዜ ውሰዱ። ግፊቱ እንዲወርድ ማን ምን የተለየ ነገር ማድረግ አለበት? ታካሚው በቀጠሮው ይመለሳል፣ መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳል። ነርሷ ግፊቱን በትክክል ትለካለች። ሐኪሙ ግፊቱ ሳይወርድ ሲቀር ያንኑ መድኃኒት ደግሞ ከማዘዝ ይልቅ መጠን ይጨምራል ወይም ሌላ ያክላል። ፋርማሲው መድኃኒት ሳያልቅ ያዝዛል። አያችሁ፣ ለውጥ የታካሚው ብቻ አይደለም። ብዙ ሞዴል ላይ «የሚለወጠው» ታካሚው ብቻ ነው፣ አገልግሎቱ ራሱ ግን ባለበት ይቆማል፤ ያ አግባብ አይመስለኝም።

«የተለወጠው»ን ከ«የተሠራው» ለመለየት አንድ ቀላል መንገድ አለኝ፤ ግሱን እዩት። ተሰጠ፣ ተሰራጨ፣ ተካሄደ፣ ተገዛ፣ ሠለጠኑ፦ እነዚህ የእኛ ሥራዎች ናቸው፣ በጀትና ጊዜ ካለን በእጃችን ናቸው። ይመለሳል፣ ይወስዳል፣ ትለካለች፣ ይጨምራል፦ እነዚህ ሌላ ሰው ወስኖ የሚያደርጋቸው ናቸው። ሥልጠና መስጠት እንችላለን፣ ነርሷ ከነገ ወዲያ በትክክል እንድትለካ ግን መፈረም አንችልም። በእጃችን ያልሆነው ነገር ሲጀምር «የተለወጠው» ጀመረ ማለት ነው።

3. ተግባሮቹን አምጡ

ለእያንዳንዱ የቅርብ ለውጥ «ይህ እንዲሆን ምን እንሥራ?» በሉ። ቀጠሮ ከመድረሱ በፊት የስልክ ማስታወሻ። የቀሩትን በየሳምንቱ ከመዝገብ አውጥቶ መፈለግ። ለተረጋጋ ታካሚ በየወሩ ከማመላለስ ይልቅ የ3 ወር መድኃኒት መስጠት። አለካክ ላይ አጭር ሥልጠናና በሥራ ላይ ምልከታ። ወርኃዊ የመድኃኒት ቆጠራ።

ከዚያ በተቃራኒው ፈትኑ። ከየትኛውም ለውጥ ጋር ቀስት የሌለው ተግባር አለ? ምናልባት ካለፈው ዓመት ዕቅድ ተገልብጦ የመጣ ነው። አውጡት። ይከብዳል፣ በተለይ የአንድ ሰው የሥራ ድርሻ ከሆነ፣ ግን የሞዴሉ ጥቅም ይኸው ነው።

4. ግብዓትና የተሠራው

ግብዓት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሰው፣ ገንዘብ፣ መድኃኒት፣ መሣሪያ፣ መዝገብ፣ ክፍል። ሁሌም የሚረሳው የሠራተኛ ሰዓት ነው። በሳምንት 40 ታካሚ ይደወልላቸዋል ካላችሁ፣ አንዱ ጥሪ 5 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ከ3 ሰዓት በላይ ነው። ያ ሰዓት ከማን ይወሰዳል? ስሙን፣ ማለትም የሥራ መደቡን፣ ጻፉ።

«የተሠራው» ላይ ቁጥር ብቻ አትጻፉ፣ ጥራቱንም ጻፉ። «15 ባለሙያ ሠለጠነ» ከማለት «15 ባለሙያ ሠልጥኖ በምልከታ ወቅት ሁሉንም የአለካክ ደረጃዎች አሟልቷል» ማለት ይሻላል። ለምን እንዲህ አጠበቅኩት? አንድ የልኬት ክፍል ጥግ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ታካሚው ደረጃ ወጥቶ ገና እያለከለከ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እጅጌው ላይ መለኪያው ይጠመጠማል። እግሩ ተቆላልፏል፣ እጁ ተንጠልጥሏል፣ ነርሷ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች፣ እሱም ይመልሳል። 158 ይጻፋል። አለካኩ ግን ሌላ ነው፦ 5 ደቂቃ ዕረፍት፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ ሳይቆላለፍ፣ ክንድ በባዶው በልብ ከፍታ ተደግፎ፣ ሳያወሩ፣ ከክንዱ ውፍረት ጋር በሚመጥን ማሰሪያ። ማሰሪያው ከጠበበ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ይላል። ያቺ ነርስ ሠልጥናለች፣ ሪፖርቱም ልክ ነው። ግን የእናንተ ሞዴል መሠረቱ 158 የምትለዋ ቁጥር ናት፣ እሷ ደግሞ አትታመንም።

5. ቀስቶቹን ጮክ ብላችሁ አንብቡ

ከዚህ ሁሉ አንድ ደረጃ ብቻ ለመሥራት ጊዜ ካላችሁ ይህን ሥሩ።

አንድ ሰው ይነሳና እያንዳንዱን ቀስት «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ ይሆናል» ብሎ ያንብብ። ሌሎቹ ሥራቸው «ባይሆንስ?» ማለት ነው።

«ለታካሚው ከተደወለለት በቀጠሮው ይመጣል።» ባይመጣስ? ካርዱ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር የድሮ ነው። ወይም የልጁ ስልክ ነው፣ ልጁ አልነገረውም። ወይም ተነግሮታል፣ ግን ባለፈው መጥቶ መድኃኒት የለም ተብሎ ተመልሷል፣ አሁን ምን ሊያደርግ ይምጣ? ወይም ደህና ነው፣ ምንም አላመመውም።

እነዚህ «ባይሆንስ»ዎች ሲገለበጡ ታሳቢዎች ይሆናሉ፦ ስልክ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ መድኃኒቱ አለ፣ ታካሚው ምልክት ባይኖረውም መድኃኒት ለምን እንደሚወስድ ገብቶታል። በቀስቱ ሥር ጻፏቸው። ገጽ መጨረሻ ላይ «ታሳቢዎች» ብሎ ሰብስቦ መደርደር የተለመደ ነው፣ እኔ አልወደውም፤ ከየትኛው ቀስት ጋር እንደሚሄዱ ስለማይታወቅ ማንም ተመልሶ አያያቸውም።

አሁን ለእያንዳንዱ ታሳቢ 2 ጥያቄ ጠይቁ። ውሸት ቢሆን ቀስቱ ይቆረጣል ወይስ ይቀጥናል ብቻ? ዛሬ ባለን መረጃ እውነት ነው? ቀስቱን የሚቆርጥና እውነትነቱ አጠራጣሪ የሆነ ታሳቢ ካለ ታሳቢ ሆኖ አይቀመጥም። ወይ ተግባር ይሆናል፣ ወይ መንገዱ ይቀየራል። «መድኃኒት ይኖራል» የሚለው ለምሳሌ ባለፈው ዓመት የቆጠራ ካርድ ላይ ለ4 ወር ዜሮ ከሆነ፣ የስልክ ጥሪውን ከመጀመራችሁ በፊት አቅርቦቱን ማስተካከል አለባችሁ። ያለዚያ ሰውን ደውላችሁ ጠርታችሁ ባዶ እጁን ትመልሱታላችሁ፣ ሁለተኛ አያምናችሁም።

እኔ ይህን ደረጃ አጥብቄ የምይዘው ስላየሁ ነው። አንድ ጊዜ ዕቅዱ መቶ በመቶ የተፈጸመ ፕሮግራም ለማየት ሄጄ ነበር። ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ ዲጂታል መለኪያው ተገዝቶ ተከፋፍሏል፣ የርክክብ ሰነዱ ተፈርሟል። ነርሷ መሳቢያዋን ከፈተችና መለኪያውን ከነካርቶኑ አወጣችልኝ። ባትሪው ካለቀ 2 ወር ሆኖታል። የባትሪ መግዣ ርዕስ በጀቱ ላይ አልነበረም። «መለኪያ ከተሰጠ ይለካል» ከሚለው ቀስት ሥር አንድ ሰው «ባይለካስ?» ብሎ ቢሆን ኖሮ በ5 ደቂቃ ውይይት የሚገኝ ነገር ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ዕቅዱን ካነበቡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩና።

ቀስት ስትፈትኑ ያልተፈለገ ውጤትንም ጠይቁ። ስልክ ደውለን ከቤት ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን እንላለን? የታካሚውን ሕመም ሳናወጣ ማለት የምንችለው ምንድን ነው? ለመጣ ሰው ሁሉ ግፊት ስንለካ ሰልፉ ረዝሞ የታመመ ሕፃን ይዛ የመጣች እናት ብትመለስስ? በቀይ ማርከር ጻፉት።

6. ከእናንተ ውጭ ያለው

የመድኃኒት ዋጋ፣ የፖሊሲ ለውጥ፣ የሠራተኛ ዝውውር፣ ወረርሽኝ፣ ሌላ ድርጅት እዚያው የሚሠራው ተመሳሳይ ፕሮግራም። በአጭሩ ከሥር ጻፉ። ኋላ ስትገመግሙ «ለውጡ በእኛ ነው ወይስ በሌላ?» ለሚለው ያስፈልጋችኋል።

7. ሥዕሉን ወደ መለኪያ ቀይሩት

እስካሁን ያቀዳችሁበት ወረቀት አሁን መገምገሚያ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ሣጥን አጠገብ ጥያቄውን፣ አመላካቹን፣ መረጃው ከየት እንደሚገኝ፣ ማን መቼ እንደሚሰበስበው ጻፉ። ለሁሉም ሣጥን ግን አመላካች አትደርድሩ። 30 አመላካች ያለው ጤና ጣቢያ አንዱንም በደንብ አይሰበስብም። ከ6 እስከ 8 ይበቃል፣ ቅድሚያውንም በጣም ለምትጠራጠሯቸው ቀስቶች ስጡ።

ቀስት እንዴት ይለካል? ሁለቱን ሣጥን ጎን ለጎን በማስቀመጥ። የክትባት ሰዎች ይህን በደንብ ይሠሩበታል። ፔንታ የሚባለውን የሕፃናት ክትባት የመጀመሪያ ዙር (ፔንታ 1) የወሰዱትን ሦስተኛውን ዙር (ፔንታ 3) ከወሰዱት ጋር ያነጻጽራሉ፤ ልዩነቱን ለፔንታ 1 አካፍለው በ100 ሲያባዙ የማቋረጥ መጠኑ ይመጣል። ከ10 በመቶ ካለፈ ችግር አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ እናትየዋ አንዴ መጥታለች፣ መንገዱን ታውቃለች፤ እንዳትመለስ ያደረጋት ነገር ከመጀመሪያው ጉብኝት በኋላ ነው ያለው። የት እንደምትፈልጉ ቁጥሩ ጠቆማችሁ።

በእኛ ምሳሌ ደግሞ በጣም የምለምናችሁ ነገር አለ፤ መቶኛ ባያችሁ ቁጥር «ከስንቱ?» በሉ። 200 ታካሚ ተመዝግቧል እንበል። ፕሮግራሙ ከተጀመረ በኋላ በሩብ ዓመቱ 120 መጡ። ከመጡት የ84ቱ ግፊት ከ140 በ90 በታች ሆኗል። ከመጡት ካሰላችሁ 70 በመቶ፣ ከተመዘገቡት ካሰላችሁ 42 በመቶ። የመጀመሪያው ቁጥር ያስጨበጭባል። ግን የቀሩት 80 ሰዎች የት ሄዱ? ከስሌቱ ወጥተዋል፣ ምናልባትም መድኃኒት ያቆሙት እነሱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሃርትስ የሚባለው የልብና ደም ሥር ሕመም ጥቅል ላይም ታካሚዎችን በተመዘገቡበት ሩብ ዓመት በቡድን ይዞ ከ6 ወር በኋላ የስንቱ ግፊት ቁጥጥር ሥር ዋለ ብሎ ይጠይቃል፤ ያልመጣ ሰው ግፊቱ ቁጥጥር ሥር እንደዋለ አይቆጠርም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ቁጥሩ ቢያንስም የቀረው ሰው አይጠፋባችሁም።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ለኩ። መነሻ ልኬት የሌለው ፕሮግራም በመጨረሻ 42 በመቶ ላይ ቢገኝ ጥሩ ይሁን መጥፎ ማንም አያውቅም።

8. መረጃው ሲመጣ ከግራ ወደ ቀኝ ሂዱ

ግምገማ ላይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የቀኙን ጫፍ ነው፦ ግፊት ወረደ ወይስ አልወረደም? ካልወረደ «ፕሮግራሙ አልሠራም» ይባላል። አትቸኩሉ። ከግራ ጀምራችሁ ሰንሰለቱ የት እንደተበጠሰ ፈልጉ።

ግብዓቱ መጣ? ተግባሩ በታቀደው መጠንና ጥራት ተሠራ? 40 ጥሪ ታቅዶ 9 ብቻ ከተደወለ፣ «ስልክ መደወል አይጠቅምም» ብላችሁ መደምደም አትችሉም፤ አልተሞከረምና። ይህ የአፈጻጸም ጉድለት ነው። ሁሉም ጥሪ ተደርጎ፣ ታካሚዎቹም አንስተው፣ ግን ካልመጡ ሌላ ነገር ነው፤ ቀስቱ ራሱ ስህተት ነበር። ያ የሐሳብ ጉድለት ነው። የመጀመሪያው በሠራተኛና በበጀት ይስተካከላል፣ ሁለተኛው ዕቅዱን ያስቀይራል። ሁለቱን አደባልቆ ጥሩ ሐሳብ መጣል፣ ወይም መጥፎ ሐሳብ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ማፍሰስ፣ በጤና ፕሮግራሞች ውስጥ ብዙ ዓመት የሚያባክን ስህተት ነው።

ሦስተኛም አለ። ሁሉም ተሠርቷል፣ ታካሚው መጥቷል፣ መድኃኒቱንም ወስዷል፣ ግፊቱ ግን አልወረደም። ያኔ የታዘዘውን መጠን እዩ። ካርዶቹን አውጡና ግፊቱ ከፍ ብሎ በተገኘበት ቀን ሕክምናው ተቀይሮ ነበር ወይ ብላችሁ 20 ካርድ ቁጠሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ የማይሞላ ሥራ ነው፣ ብዙ ጊዜም መልሱ እዚያው ካርዱ ላይ ነው።

ግፊቱ ወርዶ ከተገኘም «እኛ አወረድነው» ለማለት ተጠንቀቁ። ፕሮግራሙ ያልደረሰበት ተመሳሳይ ጤና ጣቢያ ካለ አነጻጽሩ። ከሌለ ሰንሰለቱን አሳዩ፤ ይህን ሠራን፣ ቀጥሎ ይህ ተለወጠ፣ ቀጥሎ ይህ፣ በዚያው ጊዜ ደግሞ ከውጭ የተቀየረው ይህ ነው። «አስተዋጽኦ አድርገናል» ማለት በቂ ነው፣ ሐቀኛም ነው።

9. ወረቀቱ ይኑር

የተሳለው ሞዴል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ሠራተኛው በሚያልፍበት ቦታ። ጥግ ላይ ቀን ጻፉበት። በየ3 ወሩ ያንኑ ቡድን ለአንድ ሰዓት ሰብስቡና ቀስቶቹን እንደገና አንብቡ። ውሸት ሆኖ የተገኘውን ቀስት በማርከር ሰርዙ፣ ለምን እንደተሰረዘ በአንድ መስመር ጻፉ፣ አዲሱን ሳሉ። ጤና ጣቢያው ውስጥ አዲስ የተመደበ ሰው ካለ የመጀመሪያውን ንባብ እሱ ያንብብ፤ እኛ የለመድነውን ቀስት ግራ የሚጋባበት እሱ ነው፣ ጥያቄውም ትኩስ ነው።

አዲስ ሉህ ስትስሉ አሮጌውን አትጣሉት። ቀኑን አይታችሁ ከጀርባው አስቀምጡት፣ የተሰረዙት ቀስቶችም እንደተሰረዙ ይታዩ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሰው «ለምን ስልክ አንደውልላቸውም?» ብሎ ሲነሳ ያን ሉህ አውጡለት፤ ስንት እንደተደወለ፣ ስንቱ እንደመጣ፣ ስንቱ ቁጥር የድሮ እንደነበረ እዚያው አለለት።